የሰርጌ መኪና ቸርኬ

ሰፊ ቸርኬ፣ ያ ጎማው የሚገባበት ክብ ብረት፣ ያደረገ መኪና በደብረ ታቦር አስፋልት ላይ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል። ጎረምሶች ያፏጩለታል፤ የባጃጅ ሾፌሮች ክላክስ ይነፉለታል። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ሰው እንዳያየኝ በነጠላዬ ተከልዬ ምራቄን እተፋለሁ። ያንገሸግሸኛል። የጋለ ጎማ ሽታ አፍንጫዬ ከገባማ የዚያን ቀን እህል አልቀምስም።

ይህን የምታነቡ ሁሉ «መኪና ምን አደረገሽ?» ትሉኝ ይሆናል። ብዙ ሰው ብሎኛል። የሰፈራችን ሴቶች እስካሁን «ስለ ጎማ ብላ ባሏን የተወች» እያሉ ይጠቋቆሙብኛል። ሰው ፊት ቆሜ ማስረዳት ስለማልችል ዝም እላለሁ። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዛሬ ግን የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ልጽፈው ነው፤ አንብባችሁ ፍረዱ።

ያኔ ደብረ ታቦር ውስጥ በአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ሳህን አጥብ ነበር። የመጣሁት ከእብናት ወጣ ካለ ገጠር ነው። ዓይን አፋር ነኝ፤ ያኔ ደግሞ ይብስብኝ ነበር። ደንበኛ «ውሃ ጨምሪ» ሲለኝ እንኳ ፊቴ ይግላል። የምግብ ቤቱ ባለቤት ይህን አይታ ከጓሮ እንዳልወጣ አደረገችኝ፤ ለእኔም ተመቸኝ። ጓሮው ከጋሽ ምህረት ጎሚስታ ጋር ይዋሰናል። በመሃላችን ያለው አንድ አሮጌ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የጎማ ወሬ እየሰማሁ ነው ሳህን የማጥበው። ቡሎን ሲፈታ እሰማለሁ፤ ንፋስ ሲሞላ እሰማለሁ፤ ሾፌሮችና ጋሽ ምህረት ሲነታረኩ እሰማለሁ። ጋሽ ምህረት ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ወፍራም ሰው ናቸው። ቆርቆሮው ከተቀደደበት በኩል የሞቀ ውሃ ሳቀብላቸው «ተባረኪ ልጄ» ይሉኛል። ከዚያ ያለፈ ወሬ አልነበረንም።

አበጀ የምግብ ቤቱ ደንበኛ ነበር። ነጭ የቤት መኪና አለው፤ ለሰርግና ለምርቃት ያከራያታል። እንዴት እንዳየኝ አላውቅም፤ ብቻ አንድ ቀን አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ላከ። አባቴ «ባለ መኪና ነው፣ ሥራው በእጁ ነው» ብሎ ደስ አለው። እኔ እሺም እምቢም አላልኩም። ዝም ማለቴ እሺ ተብሎ ተቆጠረ።

ከአበጀ መጀመሪያ ያስጠላኝ ምራቁ ነው። መኪናዋን ባቆመ ቁጥር ይወርድና ጎማዎቹን እየዞረ ያያል። ቸርኬው ላይ ጠብታ ጭቃ ካገኘ አውራ ጣቱን ምላሱ ላይ ያደርግና ይወለውለዋል። እንደገና ጣቱን ይልሳል፤ እንደገና ይወለውላል። ከዚያ በዚያው ጣት መጥቶ ይጨብጠኛል። እጄን በአመድ ታጥቤ እንኳ ጣቱ ያረፈበት ቦታ የረጠበ ይመስለኝ ነበር። ይህን ለማን እነግራለሁ? «ባሌ ምራቁ ያስጠላኛል» ትላለች ሴት?

ሰርጋችን ሊደርስ ሰሞን አበጀ ከባሕር ዳር አራት ቸርኬ አስመጣ። ጋሽ ምህረት ግቢ ሲያወርዳቸው በቆርቆሮው ቀዳዳ አየሁ። እንደ መስታወት ያብለጨልጫሉ። ከድሮዎቹ ጎን ሲያስቀምጣቸው ግን በሬ ከጥጃ ጎን የቆመ መሰለ፤ ስፋታቸው ለዚያች ትንሽ መኪና የተሠራ አልመስል አለኝ። አዲስ ጎማም አብሮ ገዝቶ ነበር። ጋሽ ምህረት አንዱን ጎማ አንስተው ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበቡ። ወዲያው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ይህን ጎማ ማን ገዛልህ?»

«ራሴ ነኛ! ቁጥሩን አይቼ። ቸርኬው አስራ ሰባት፣ ጎማው አስራ ሰባት።»

«የመጨረሻውን ቁጥር አይተሃል። እሱ የክቡ ልክ ነው፤ ገጥሟል። የመጀመሪያውንስ አየኸው?»

«የመጀመሪያው ደግሞ ምንድን ነው?»

«የጎማው ስፋት ነው። ይህ ጎማ ለጠባብ ቸርኬ ነው የተሠራው። ያንተ ቸርኬ አፉን እንደዚህ ከፍቶ።» እጃቸውን ዘርግተው አሳዩት።

«ተወጥሮ ይግባ! የሚያምረው እሱ ነው። ይኸው በስልክ ላሳይዎት።»

«ስልክ ላይ ያለው መኪና እብናት አይወርድም፣ አበጀ።»

ሾፌሮች ሳቁ። አበጀም ሳቀ፤ ግን አልወደደውም። ጋሽ ምህረት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። «የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሲጠፈር አይተህ አታውቅም? ቆዳው ካነሰ ጎትተህ ጎትተህ ታስይዘዋለህ። ይይዛል። ሲመታ ግን መጀመሪያ የሚለቀው ከጠርዙ ነው። ይህም እንደዚያው ነው።»

«እሺ ልኩን ሰፊ ጎማ ላምጣ?»

«ያን ጊዜ ደግሞ አራት ሰው ሲጫን ፓራፋንጎውን፣ ከጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ፣ ይፈትገዋል። ጉዱ ከጎማው ብቻ አይደለም፤ ቸርኬው ራሱ የዚች መኪና አይደለም። ስማኝ ልጄ፣ በድሮው ጎማ ሙሽራህን አምጣ። ከሰርጉ በኋላ ያሻህን አድርግ።»

«ሙሽራ በዚያ በድሮ ተራ ብረት ቸርኬ ልትመጣ? ጋሽ ምህረት፣ አገር ሊያስቁብኝ ነው እንዴ! እምቢ ካሉ መናኸሪያው ጋ ይገጥሙልኛል።»

ሙሽራዋ እኔ ነኝ። እጄ በአረፋ ተነክሮ፣ ድስት ደረቴ ላይ ታቅፌ፣ ቆርቆሮው ሥር ቆሜ እሰማለሁ።

ጋሽ ምህረት ራሳቸውን ነቅንቀው ገጠሙለት። መናኸሪያው ጋ ስለ ንፋሱ ማንም እንደማይነግረው ያውቁ ነበር መሰለኝ። ጎማው ቸርኬው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ንፋስ ሲሞሉት ጧ! ጧ! እያለ ግቢውን አስደነገጠው። ጎኑ ወደ ውስጥ ተጎትቶ፣ የቸርኬው ጠርዝ ከጎማው አልፎ ወደ ውጭ ተርፎ ቀረ። አበጀ እያጨበጨበ ዞረው።

«አሁን ስማ» አሉት። «ይህ የሞላሁት ልኩ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር እንዳታይ፤ እሱ ለድሮው ጎማ ነው። ጠዋት ሳትነዳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ለካው። ኮረኮንቹ ላይ ያንገጫግጭሃል፤ ቻለው። ሌላ ጎማ ቢሆን ትንሽ ንፋስ ቢቀንሱለት ይለሰልሳል። ይህን ግን ቸርኬው ላይ የያዘው ንፋሱ ብቻ ነው። ከቀነስክ ኩርባ ላይ ይወልቅብሃል። አደራ!»

«እሺ፣ እሺ» አለ አበጀ፤ ጣቱን ልሶ ቸርኬውን እየወለወለ።

እሱ ከሄደ በኋላ ጋሽ ምህረት ወደ ቆርቆሮው ቀረቡ። «ልጄ፣ ሰማሽ?»

«ሰማሁ ጋሽዬ።»

«አንቺም ንገሪው። ያንቺን ይሰማ ይሆናል።»

እኔ ለአበጀ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተናግሬው አላውቅም ነበር።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። አባቴ ቤት ዳሱ ሞልቶ፣ ሙሽራው በስንት ጭፈራ ገባ። ገበታ ላይ አበጀ ሊያጎርሰኝ እጁን ሲዘረጋ እኔ ያየሁት ጉርሻውን አይደለም፤ አውራ ጣቱን ነው። ጥፍሩ ሥር የጎማ ጥቁረት አለ። ሚዜዎቹ «ጉረሽ! ጉረሽ!» ይላሉ። ጎረስኩ። ሳላላምጥ ዋጥኩት። እንባዬ ሲመጣ ሴቶቹ «አይ ሙሽራ፣ ቤተሰቧን መለየት ከብዷት ነው» አሉ።

በእኛ ዘንድ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ከወጣች እስከ አማቶቿ ደጅ ድረስ አትናገርም። አንገቷን ደፍታ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ትሄዳለች። የተናገረች እንደሆነ ትዳሯ አይቀናም ይባላል። ለእኔ ይህ ከባድ አልነበረም፤ ዕድሜ ልኬን ሙሽራ ነበርኩ ማለት ይቻላል።

ከእኔ ጋር የምትሄደው ታላቅ እህቴ እናኑ ነበረች። እናኑ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ካገባች ዓመታት ቢሆኗትም ልጅ አልቆየላትም፤ ሁለቴ አስወርዷታል። ይህኛው ግን በረታ። በየጠበሉ ተንከራታ፣ ከባድ ነገር ሳታነሳ፣ እንደ እንቁላል ይዛው እዚህ አደረሰችው። እናቴ «አንቺ ቅሪ» ብትላት «እህቴን ሳልሸኝማ አልቀርም» አለች። አጃቢው ሁሉ በሚኒባስ ተጠቅጥቆ ሊሄድ ስለሆነ «እሷ ከሙሽራዋ መኪና ትግባ፤ እሱ ምቹ ነው» ተባለና ጋቢና አስቀመጧት። ሚዜው ሀብቴ መሪ ያዘ። እኔና አበጀ ከኋላ ተቀመጥን።

ከእብናት ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ ኮረኮንች ነው። ገና ከከተማው ሳንርቅ መኪናዋ መዝለል ጀመረች። ያ የተወጠረ ጎማ ልስላሴ የለውም፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ቀጥታ አጥንት ላይ ይመጣል። እናኑ በአንድ እጇ በሩን፣ በሌላው ሆዷን ያዘች። «ኧረ ቀስ በል ወንድሜ» አለች።

«ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ እግረኛ ይቀድመናል» አለ ሀብቴ። ሳቀ።

ትንሽ እንደሄድን እናኑ ቃተተች። ግንባሯ ላይ ላብ አየሁ። «ወንድሞቼ፣ አልቻልኩም። ሆዴን ነቀነቀው።»

ሀብቴ መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆመ። «መላ አለኝ» አለ። «ንፋሱ ከሮ ነው። ትንሽ ብናስተነፍሰው እንደ ፍራሽ ይሆናል።»

አበጀን በነጠላዬ ሥር አየሁት። ጋሽ ምህረት የነገሩት እሱን ነው፤ አሁን «ተው» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። አበጀ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ቸርኬውን እንዳትጭረው ብቻ!» አለ።

ያ ነው ያለው። ሌላ ነገር አላለም።

ሀብቴ ወርዶ በቁልፍ ጫፍ የጎማውን ንፋስ መሙያ ተጫነው። ፍስስስ... የሚለውን ድምፅ ሰማሁ። ከቆርቆሮ ጀርባ ሆኜ ስንቴ የሰማሁት ድምፅ ነው፤ ያን ቀን ግን የሰው ትንፋሽ ሲወጣ መሰለኝ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሁለተኛው አለፈ። የእህቴን ሆድ አየሁ። ከዚያ ነጠላዬን ከአፌ አወረድኩና «አታጉድለው» አልኩ።

ሀብቴ ከጎማው ቀና አለ።

«ምን አለች?» አለ ሀብቴ በመስኮት።

«አታጉድለው። ጎማው ይወልቃል። ጋሽ ምህረት ከልክለዋል።»

ሀብቴ በሳቅ ፈረሰ። «ወይ ጉድ! አበጀ፣ ጎሚስታ ነው እንዴ ያገባኸው? ሙሽሪት ገና ደጅ ሳትረግጥ ጋራዥ ከፈተች እኮ!»

አበጀ ግን አልሳቀም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ጥርሱን ሳይከፍት «አታዋርጂኝ» አለኝ። አፉ ማስቲካና ጠላ ይሸት ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን እናኑ ዞር ብላ ያለችኝ ነው። «ዝም በይ እህቴ» አለች በልመና፤ «ሙሽራ ነሽ። ገድሽን አታበላሺ። እኔ እንዲለሰልስ ፈልጌ ነው።»

ስለ እሷ ስናገር እሷ ዝም አሰኘችኝ። ሀብቴ አራቱንም አስተነፈሰና ተነሳን።

እውነቱን ለመናገር ለሰለሰ። መኪናዋ እንደ ጀልባ ትዋዥቅ ጀመር። እናኑ እጇን ከበሩ አነሳችና «ተመስገን፣ አሁን ተሻለኝ» አለች። ሀብቴ በመስታወቱ ወደ እኔ እያየ «ጎሚስታዋ፣ እንዴት ነው ታዲያ?» አለኝ። ጆሮዬ ከታች ነበር። ድንጋይ ላይ ሲወጣ ብረቱ ጓ ይላል። ቀስ እያለ የጎማ ሽታ መጣ፤ የተቃጠለ ቆዳና የተቃጠለ ፀጉር የተቀላቀለበት የሚመስል ሽታ። መስኮት ተከፈተ፤ አልሄደም። ከኋላችን ሚኒባሱ ውስጥ ከበሮ ይመታል፣ እልል ይባላል። ዳገቱን እየወጣን ነው። በግራችን ገደል፣ በቀኛችን የተቆረጠ አፈር። ኩርባ ሲመጣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ሲያልፍ እከፍታለሁ። አበጀ ስልኩ ላይ የመኪናዋን ፎቶ ያያል። የእኔን እንዳይመስላችሁ፤ የመኪናዋን ነው።

አንዱን ኩርባ ስናጥፍ ከፊት በኩል ቧ! የሚል ድምፅ ወጣ። መሪው ከሀብቴ እጅ አመለጠ። ብረት መሬቱን ሲቧጥጠው የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ጥርሴን ያንቀጠቅጠዋል። መኪናዋ መጀመሪያ ወደ ገደሉ ዞረች፤ ሰማይ ብቻ አየሁ። «እመቤቴ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የእናኑ ይሁን የእኔ አላውቅም። ከዚያ ወደ ቀኝ ተመልሳ ቦዩ ውስጥ ገባችና አፈሩን መትታ ቆመች።

እናኑ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። አታለቅስም፤ አትጮህም። ከንፈሯ ብቻ ነጭ ሆኗል።

አበጀ ከእኔ ቀድሞ በሩን ከፈተ። ወደ እሷ የሚሄድ መስሎኝ «ደግፋት» ልለው አፌን ከፈትኩ። እሱ ወደ ጎማው ነው የሮጠው። ጎማው ከቸርኬው ወልቆ እንደ ሞተ እባብ ተጠምዝዟል። ቸርኬው ጭቃና አፈር ጠጥቷል።

«ወይኔ! ወይኔ ቸርኬዬ!»

ተንበረከከ። በአዲሱ ሱፉ ጭቃ ላይ ተንበረከከ። ለእኔ ሊንበረከክ የሚገባው ቀን ነበር። ጣቱን ልሶ ጠርዙን መወልወል ጀመረ፤ ጭቃው በዛበት። ዞር ብሎ እጁን በተከፈተው በር አስገባና ነጠላዬን ከትከሻዬ ላይ ሳበው። እናቴ ክረምቱን ሙሉ ፈትላ ያሠራችውን ነጠላ። ጠቀለለውና ቸርኬውን ጠረገበት። «ተሰንጥቋል? ሀብቴ ና እየው እስቲ፣ ተሰንጥቋል?»

ሀብቴ ከመሪው ሥር ወጣ። «አበጀ፣ ሴትዮዋ...»

«እስቲ ክሪኩን አምጣ! ሴቶቹን አውርዳቸው፤ ክብደት ነው።»

ክብደት ነው አለ። በሰባት ወሯ ሆዷን ይዛ የተቀመጠችውን እህቴን።

ወርጄ ቦዩ ዳር አስታወክሁ። ያ በአውራ ጣቱ ያጎረሰኝ ጉርሻ ወጣ። አፌን በእጄ ጠርጌ ቀና ስል ቀሎኝ ነበር።

ሚኒባሱ ደረሰ። ሰዎቹ ለፎቶ የቆምን መስሏቸው እየጨፈሩ ወረዱ። ቪዲዮ ቀራጩ «ሙሽሪት፣ ቀና በይልኝ» አለ፤ ቀና ስል ፊቴን አይቶ ካሜራውን አወረደ። እኔ እናኑን በብብቷ ደግፌ አወረድኳት። እግሯ መሬት ሲነካ በጆሮዬ «ደም አለ» አለችኝ።

እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮህኩ። «ሚኒባሱን አዙሩት! እህቴን ሐኪም ቤት ውሰዱ!»

የአበጀ አጎት አቶ ገላው ዘንጋቸውን እየተመረኮዙ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። «ልጄ» አሉኝ፣ «እሷን ሴቶቹ ይውሰዷት። አንቺ ከሌላ መኪና ግቢና ወደ ፊት እንሂድ። ሙሽራ በመጣችበት መንገድ አትመለስም። ነውር ነው፤ ገደ ቢስ ያደርጋል።»

«አባባ» አልኳቸው፣ «ገዴ ያ ነው።» በጣቴ አበጀን አሳየኋቸው። እሱ አሁንም ጀርባውን ሰጥቶን ተንበርክኳል። ነጠላዬ እጁ ላይ ጥቁር ሆኗል። አቶ ገላው አዩት። ብዙ አዩት። ከዚያ ለሚኒባሱ ሾፌር በዘንጋቸው ዙር የሚል ምልክት ሰጡት።

ልንነሳ ስንል አበጀ በመስኮቱ መጣ። «ቅያሪ ጎማ አስሬ እደርስብሻለሁ» አለኝ። «ቸርኬው ደኅና ነው። አልተሰነጠቀም።» የምሥራች የነገረኝ መስሎት ነበር።

ዓይኑን አየሁት። ከታጨሁ ጀምሮ ዓይኑን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። «አትምጣ» አልኩት።

እብናት እስክንደርስ የእናኑን ራስ ጭኔ ላይ ይዤ ነበር። የሙሽራ ቀሚሴ ደም ነካው። ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ በዚያ ቀሚስ ቆሜ ሳለ መንገደኛው ሁሉ ያየኝ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አላፈርኩም። ነርሷ ወጥታ «እህትሽ ናት? የልጁ ልብ ይመታል፤ ግን አትነሳም፣ ተኝታ ትቆያለች» ስትለኝ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። እናኑ ሳምንታት ተኝታ ከረመችና ወለደች። ሴት ልጅ ናት። አሁን ትድሃለች፤ የያዘችውን ሁሉ አፏ ትከታለች።

ለእርቅ ሽማግሌ ብዙ ጊዜ ተመላለሰ። ንግግራቸው አንድ ነው፤ «በጎማ ምክንያት ትዳር ይፈርሳል?» አባቴም መጀመሪያ ተቆጣኝ። «ምን አደረገሽ? መታሽ? ሰደበሽ?» አለኝ። አልመታኝም፤ አልሰደበኝም። ምን ልበለው? ምራቁን፣ ጣቱን፣ «ክብደት ነው» ያለውን እንዴት አድርጌ ልንገረው? መጨረሻ ላይ የነገረችው እናኑ ናት። ተኝታ ሳለች ጠርታ ሁሉንም ነገረችው። «ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ፤ እሷ ስለ እኔ ስትናገር ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ» አለችው። አባቴ ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ሲመጣ «ልጄን ጠይቋት» ማለት ጀመረ። እኔም ተጠይቄ መልስ መስጠት ለመድኩ። አጭር መልስ ነው፤ ግን የራሴ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሰፊ ቸርኬ ያማራችሁ ካላችሁ አልከለክላችሁም። ብቻ ጎማው ጎን ላይ ያለውን የመጀመሪያውንም ቁጥር አንብቡ፤ የመጨረሻውን ብቻ አትዩ። ያልገጠመን ነገር በንፋስ አታስማሙ። ጠዋት በቅዝቃዜ ለኩ። እኔ ከዚህ በላይ ስለ ጎማ አላውቅም። እናንተ እህቶቼ ደግሞ፣ አንድ ነገር ሆዳችሁን ካገላበጠው «እኔ ነኝ ክፉ» አትበሉ። ሆድ አንዳንዴ ከአፍ ቀድሞ ይናገራል። እኔ የአበጀን ጣት ከመጀመሪያው ቀን ጠልቼው ነበር፤ ምን እንደጠላሁ ያወቅኩት ግን እዚያ ኩርባ ላይ ነው።

አሁንም ደብረ ታቦር እዚያው ምግብ ቤት ነኝ፤ ምግብ እስከ ጠረጴዛው አደርሳለሁ። ፊቴ ይግላል፤ ግን አደርሳለሁ። ሚኒባስ ስሳፈር ሾፌሩ ንፋስ ሲቀንስ ካየሁ «ለምን?» እላለሁ። ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ሽማግሌዎቹ መጨረሻ ሲመጡ ነጠላዬን አጥበው፣ አጣጥፈው በፌስታል አመጡልኝ። አበጀ ለእርቅ ብሎ የላከው ነው። ዘረጋሁት። ጥለቱ ደኅና ነው፤ መሃሉ ላይ ግን የቸርኬው ጠርዝ ጥቁር ክብ ሠርቶ ቀርቷል። እናቴ በሎሚ ሞከረችው፣ በእንዶድ ሞከረችው፤ አልለቀቀም። ልታቃጥለው ስትል ቀማኋት። የእናቴ ድካም ነው፤ አይቃጠልም። ልልበሰው ብል ደግሞ ቆዳዬ ይኮማተራል።

በማግስቱ ጓሮ ሄጄ በቆርቆሮው ቀዳዳ በኩል ለጋሽ ምህረት አቀበልኳቸው። ገልጠው ክቡን አዩት። ሙያቸው ነውና ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። «ምን ላድርግበት ልጄ?» አሉኝ።

«እጅዎን ይጥረጉበት ጋሽዬ» አልኳቸው። «ቸርኬ ግን እንዳይጠርጉበት፤ አደራ።»

እስከ ዛሬ በራቸው ላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ቸርኬ ሲጠርጉበት አይቼ አላውቅም።